የልጄን እጅ ላከመችልኝ ሲስተር፣ ከጅማ

ሰላም የጅማ ሰዎች፣ በተለይ ሰላም እናቶች። ይህን ጽሁፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በጀመርኩ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። ባለፈው ሳምንት ግን የልጄ ፋሻ ለመጨረሻ ጊዜ ተፈታ። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ውለታ መብላት ነው የሚሆንብኝ።

ልጄ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ወደ አዲሱ ኪራይ ቤት በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጎረቤቶች እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉን መጡ። ቄጤማ ጎዘጎዝኩ፣ ከሰል አያያዝኩ፣ ፈንዲሻ ፈነደሸ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነበር። ልጁን የሰባት ዓመት እህቱ ትይዘዋለች ብዬ ስኒ ላመጣ ጓዳ ገባሁ። ጩኸቱን የሰማሁት እዚያው ሆኜ ነው። ስወጣ ጀበናው ከምድጃው ላይ ወድቋል። የልጄ ግራ እጅ ከክርኑ እስከ መዳፉ በፈላ ቡና ተልጧል።

ቤት ሙሉ ሰው ነበር። አንዱ ኮልጌት አለ፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ እንቁላል። ሁሉም ከልቡ ነው፣ ማንንም አልወቅስም። ጨንቆኝ ስለነበር ኮልጌት ቀባሁት። ውሃ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩትም። ቧንቧው አምስት እርምጃ አይርቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እግዜር ያውቃል። የመጀመሪያው ቦታ ልጄ እየጮኸ ካርድ አውጪ ተባልኩ። አወጣሁ። ተረኛው ሰው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «አንቺ እናት ነሽ? የት ሄደሽ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ያቺ ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ትቀሰቅሰኝ ነበር። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ከፍዬ የገባሁበት ነው። በሦስተኛው ቀን ፋሻ ልታስቀይሪ ነይ ተባልኩ። የደረቀውን ፋሻ እንዳለ ከቁስሉ ላይ ገሸለጡት። ደም መጣ። ልጄ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ጠፋ። «ዝም አሰኚው» አሉኝ። ምን ብዬ ዝም ላሰኘው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር አንገቴ ውስጥ ይደበቅ ጀመር። ቁስሉም መሽተት ጀመረ።

የቦታዎቹን ስም አልጽፍም። ጸብ አልፈልግም። ግን አንድ እናት እንደዚያ መደረግ የለባትም።

ሲስተርን የጠቆመችኝ መርካቶ ጎመን የምትሸጥልኝ ሴት ናት። የልጁን እጅ አይታ «ለምን እሷ ጋ አትወስጂውም? የእህቴን ልጅ ያዳነችው እሷ ናት» አለችኝ። በማግስቱ በዝናብ በባጃጅ ሄድኩ። ልጄ በሩን ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሲስተር መጀመሪያ ነጩን ጋዋን አውልቃ ወንበር ላይ ሰቀለችው። ፋሻውን አልነካችም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከከረጢት በቀዳችው ውሃ ሞላችና ለልጄ ሰጠችው። «ና የኔ ጌታ፣ አንተ አጥበው» አለችው። እሱ ይረጫል፣ እሷ ትሞላለታለች። ይረጫል፣ ትሞላለታለች። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ነው የፈሰሰው። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፣ ውጭ ወረፋ ነበር። ፋሻው ረጥቦ ረጥቦ በራሱ ለቀቀ። ሳይጎትቱት ወደቀ! ልጄ አላለቀሰም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ምን ቅባት እንዳደረገችለት አትጠይቁኝ። ነጭ ነው፣ ስሙን ነግራኝ ነበር፣ አልያዝኩትም። የቆሰለው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ መድረቅ ጀመረ።

እኔን የለወጠኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። እያሸገችው እንዴት እንደተቃጠለ ጠየቀችኝ። ደነገጥኩ። ያው የለመድኩት ወቀሳ መጣ ብዬ «ጥፋቱ የኔ ነው ሲስተር፣ ትቼው ጓዳ ገብቼ ነው» አልኳት። «እሱን አልጠየቅኩሽም። ምድጃው የት ነበር? ልጁ ከየት በኩል መጣ?» አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ፈንዲሻው የት ነበር የተቀመጠው?» አለች።

ፈንዲሻው ከምድጃው ጎን ነበር። ከጀበናው አጠገብ፣ መሬት ላይ።

«አየሽ፣ ልጁ ወደ እሳት አልሄደም። ወደ ፈንዲሻ ነው የሄደው። ቄጤማ አንሸራተተው፣ ያገኘውን ያዘ» አለችኝ። እናቶች፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ቤት የቀየረ ቤተሰብ ልጅ ይጎዳበታል፣ ምክንያቱም ዕቃው ሁሉ ገና ቦታውን አልያዘም። እንግዳ የበዛበት ሰዓት ላይ ሁሉም ሌላው ልጁን ያየዋል ብሎ ያስባል። ሕፃን በሕፃን አይጠበቅም፣ የሰባት ዓመት ልጅ ራሷ ልጅ ናት። ምግብና ቡና መሬት ላይ የሚበስልበት ቤት ደግሞ እሳቱ ልክ የልጁ ፊት ላይ ነው። የሕፃን ቆዳ ከእኛ ይልቅ ስስ ስለሆነ እኛን ለጥቂት የሚያቃጥለን ውሃ እሱን በጥልቀት ይጎዳዋል። «እናት ሃያ አራት ሰዓት ዓይኗን አትነቅልም፣ አትችልም። ስለዚህ ቤቱን አስተካክዪ» አለችኝ።

ስለ ኮልጌቱም በቁጣ ሳይሆን በለሆሳስ ነገረችኝ። ለቃጠሎ መጀመሪያ የሚደረገው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ነው፣ ለ20 ደቂቃ። በረዶ አይሆንም። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ጭቃ አይቀባም። ውሃ የቋጠረውን ማፍረጥም አይገባም። በንጹህ ጨርቅ ሸፍኖ ቶሎ ወደ ሕክምና። ይህን እባካችሁ ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ። እኔ ለሁሉም ነግሬያለሁ፣ ያን ቀን ለነበሩት በሙሉ።

አንድ እሁድ ደግሞ ልጁ ትኩሳት ይዞት መምጣት እንዳልቻልኩ ስደውልላት ራሷ ቤቴ መጣች። ለመንገዱ እንኳን አልቀበልም አለች። ፋሻውን ቀይራ ስትጨርስ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። በሃይላንድ ጠርሙስ የቀዳሁትን በረኪና አየችና ወዲያው ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠችው። «ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚያውቀው» አለች። በረኪና ወይ ላምባ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልሰው ማድረግ እንደሌለብኝ የሰማሁት ያኔ ነው። ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል፣ ላምባው ደግሞ ሳንባ ሊገባ ይችላል። መታጠቢያ ቤት ያለውን ውሃ የሞላ ባልዲም ከደነችው። የሕፃን ጭንቅላት ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ ከተደፋ ራሱን አያወጣም አለችኝ። ይህንን ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ግቢያችን ውስጥ የጉድጓድ ውሃ አለ። ክዳኑ አሮጌ ቆርቆሮ ነበር። እኔ አከራያችንን ጋሼን ለመናገር ስፈራ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። እሷ ግን ወጥታ ሰላም አለቻቸው፣ በአፋን ኦሮሞ እየሳቀች ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ በሦስተኛው ቀን ብየዳ ቤት አሠርተው ቁልፍ ያለው የብረት ክዳን አስገጠሙበት። ጋሼንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ነው የምትለው። ስለዚህ ቃጠሎም ሆነ ሌላ ቁስል ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ ፋሻ ማስቀየር ያስፈራችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሺ ካለችኝ በኋላ አገናኛችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ወረፋ ይበዛባታል፣ ከሰዓት ሂዱ። ልጁ የሚወደውን መጫወቻ ያዙለት። ደግሜ ልበል፣ እንደ እኔ ሳምንት አታባክኑ። ሂዱ።

ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽው፣ እጅሽ ይባረክ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ያ ሲሪንጅ እስከ ዛሬ ቤት አለ፣ ልጄ አሻንጉሊቶቹን ያጥብበታል። ቅዳሜ ቡና አለ፣ እንዳትቀሪ። ምድጃው በጥግ በኩል ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። ፈንዲሻው በር አካባቢ ነው የሚቀመጠው።