ቴርሞስታት አውጥቶ መንዳት ወይስ በአዲስ መተካት?

ለመሞቅ ብዙ የሚቆይ አሮጌ ኮሮላ ላይ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚያግደው ቫልቭ) ነው፤ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ ቀደም ብሎ አንዱ መካኒክ አውጥቶታል። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነስተው፣ እጅዎን ከፋኑ አርቀው የራዲያተሩን ላይኛ ክፍል ይዳስሱ። በሁለት ሦስት ደቂቃ ለብ ካለ ውሃው ሳይታገድ እየዞረ ነው። ፋኑ በቀጥታ ተቀጥሎ ሁልጊዜ የሚዞር ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

አውጥቶ መንዳት ወጪ ስለሌለው ብዙዎች ይመክሩታል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሞተሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ነዳጅ ያበዛል፤ ዘይት ውስጥ የገባው እርጥበትም ሳይተን ቀርቶ ዘይቱን ጭቃ ያደርገዋል። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ባይፓሱን፣ ማለትም ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ይመለሳል፤ መኪናው ጠዋት አልሞቅ ብሎ እንጦጦ ዳገት ላይ ሊግል የሚችለውም ለዚህ ነው።

መተካቱ ይሻላል። ከመግጠምዎ በፊት አዲሱን በክር አንጠልጥለው ውሃ ውስጥ ያፍሉት፤ 82 የሚል ከተቀረጸበት በዚያው ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፤ ጓርኒሲዮኑም (ማሸጊያው) አዲስ ይሁን። ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ ሞልተው፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገው፣ አረፋው እስኪያቆም የራዲያተሩን ክዳን ሳይዘጉ ያስነሱት። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ግፊት የማይዝ ክዳንም አብሮ ይቀየር።