ፍሊትዉድ ማክ፦ ከሩመርስ ቀጥሎ የቱን አልበም ልግዛ?

ፍሊትዉድ ማክ የሚባለውን የሮክ ባንድ እወዳለሁ የሚል ሰው ቤት ብትገቡ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት አንድ አልበም ነው፣ ሩመርስ። አይፈረድበትም፣ በ1977 ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ 31 ሳምንት አንደኛ የነበረ፣ በአለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ አልበም ነው፣ በ2020 ደሞ ስኬትቦርድ ላይ ሆኖ የአልበሙን ዘፈን ድሪምስን እየሰማ የሚሄደው ሰውዬ ቪዲዮ ቲክቶክን ሲያጥለቀልቀው ዘፈኑ ከ40 ምናምን አመት በኋላ ተመልሶ ቻርት ውስጥ ገባ። ግን እዛው ላይ ማቆም በጣም ያስቆጫል። ስለዚህ ይሄን የምፅፈው ሩመርስን ለሚወድና አንድ ወይ ሁለት አልበም መጨመር ለሚፈልግ ሰው ነው። በባንዱ ስም የሚጠራው የ1975ቱ፣ ታስክ እና ታንጎ ኢን ዘ ናይት፣ ከሶስቱ የቱ ለማን ይሆናል?

ገና ሩመርስን ራሱን ላልገዛችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፣ የትኛውን እትም እንደምትገዙ እዩ። የባንዱ ዘፋኝ ስቲቪ ኒክስ ለአልበሙ ሲልቨር ስፕሪንግስ የሚባል ዘፈን ሰርታ ነበር፣ ሸክላ በአንድ ገፅ የሚይዘው ደቂቃ የተወሰነ ስለሆነ ረዘመ ተብሎ ወጣና የጎ ዩር ኦውን ዌይ ሲንግል (ለብቻው የወጣ ዘፈን ሸክላ) ጀርባ ላይ ገባ፣ በጣም ነው የተናደደችው፣ እውነቷን ነው፣ ለኔ ከፃፈቻቸው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። የድሮው ሸክላና የመጀመሪያዎቹ ሲዲዎች ላይ የለም። በ2004 የወጣው ሲዲ ላይ አለ፣ በ2013 የወጣው ባለ 3 ሲዲም ላይ አለ፣ እሱ ደሞ የ1977 ላይቭና ያልተጠናቀቁ የስቱዲዮ ቅጂዎች ተጨምረውበታል። ሲዲ የምትገዙ ከሆነ የ2013ቱን ፈልጉ።

አሁን ወደ ባንዱ። ለንደን ውስጥ በ1967 የተቋቋመ የብሉዝ ባንድ ነው፣ መሪው ፒተር ግሪን የሚባል ጊታሪስት ነበር፣ ስሙ ግን ከድራመሩ ሚክ ፍሊትዉድና ከቤዝ ተጫዋቹ ጆን ማክቪ የመጣ ነው። ግሪን በ1970 ለቀቀ፣ በዛው አመት የጆን ሚስት ክሪስቲን ማክቪ ኪቦርድ ልትጫወትና ልትዘፍን ገባች፣ ከዛ ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ ቆይቶ ባንዱ ጓዙን ጠቅልሎ ካሊፎርኒያ ገባ። በ1974 መጨረሻ አካባቢ ሚክ ሳውንድ ሲቲ የሚባለውን ስቱዲዮ ሊያይ ሲሄድ ፕሮዲውሰሩ ኪት ኦልሰን የስቱዲዮውን ድምፅ እንዲሰማ አንድ ዘፈን ከፈተለት፣ የሊንዚ በኪንግሃምና የስቲቪ ኒክስ ዘፈን ነበር። ሚክ የፈለገው ጊታሪስቱን ሊንዚን ብቻ ነው (ሊንዚ ወንድ ነው)፣ ሊንዚ ግን ያለ ፍቅረኛዬ ያለ ስቲቪ አልመጣም አለ። እኛ የምናውቀው ፍሊትዉድ ማክ የተወለደው በዚህ ነው።

ታሪኩን ያነሳሁት ለገዢም ስለሚጠቅም ነው፣ ምክንያቱም በባንዱ ስም ብቻ የሚጠሩ ሁለት አልበሞች አሉ። የ1968ቱ ከቨር ላይ ቆሻሻ መጣያና ውሻ ያለበት ጠባብ መንገድ ታያላችሁ፣ እሱ ጥሬ ብሉዝ ነው፣ ስቲቪም ሊንዚም ክሪስቲንም የሉበትም። የ1975ቱ ላይ ያሉት ረጅሙ ሚክና ዝቅ ብሎ የሚታየው ጆን ናቸው። ኦንላይን ስታዙ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ፣ ፎቶውን አመቱን እዩ።

የ1975ቱ ሩመርስን የሚመስል ነገር ድገሙኝ ለሚል ሰው ነው። ያው አምስት ሰው፣ ያው ሶስት ዘፋኝ፣ ሪያነንና ላንድስላይድ ያሉት እዚህ ነው፣ የክሪስቲን ሰይ ዩ ላቭ ሚም። ቀስ ብሎ ነው የወጣው፣ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የሆነው ከተለቀቀ ከአመት በላይ ቆይቶ ነው። ድምፁ ቀለል ያለ ነው፣ ፀሃይ ያለበት ሙዚቃ፣ ገና አልተጣሉም። የሚጎድለውም እሱ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ሩመርስ ላይ ሊንዚና ስቲቪ እየተለያዩ፣ ጆንና ክሪስቲን እየተፋቱ፣ የሚክም ትዳር እየፈረሰ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠው ነበር የሚቀዱት፣ ክሪስቲን ዩ ሜክ ለቪንግ ፈንን ለአዲሱ ፍቅረኛዋ ፅፋ ለጆን ስለ ውሻዬ ነው ብላዋለች ይባላል፣ ጆን ደሞ ቤዙን ቁጭ ብሎ ተጫወተላት። ያንን ውጥረት የ1975ቱ ላይ አታገኙትም። ሁለት ሶስት የሚዘለሉ ዘፈኖችም አሉት።

ታስክ ሌላ አለም ነው እና እኔ በግልፅ የታስክ ወገን ነኝ። በ1979 ወጣ፣ ባለ ሁለት ሸክላ፣ 20 ዘፈን፣ ለመስራት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፣ ለዛ ጊዜ የማይታመን ብር ነው። አልበሙን የሚያወጣው ካምፓኒ ሁለተኛ ሩመርስ ነበር የሚጠብቀው፣ ሊንዚ ግን ፓንክና ኒው ዌቭ እየሰማ ስለነበር እንደዛ አይነት አልበም ደግሜ አልሰራም ብሎ ቤቱ ውስጥ ብቻውን መቅዳት ጀመረ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሆኖ ሁሉ ዘፍኗል። በርዕሱ የተሰየመው ዘፈን ላይ ያለው የማርሽ ባንድ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሰዘርን ካሊፎርኒያ ተማሪዎች ናቸው፣ የተቀዱትም ዶጀር ስታዲየም ነው። የተሸጠው ከሩመርስ በጣም ያነሰ ስለሆነ እንደ ውድቀት ሲወራበት ኖሯል፣ እኔ ግን ሚሊዮኖች የገዙትን እንዲህ አይነት ደፋር አልበም ውድቀት ማለት በጭራሽ አይዋጥልኝም!

መጀመሪያ ስትሰሙት ግራ ያጋባል፣ እሱን አልደብቅም። ከ20ው ዘፈን 9ኙ የሊንዚ ናቸው፣ አጫጭር፣ የሚቆራረጡ፣ አንዳንዴ ጩኸት ያለባቸው፣ ወዲያው ከነሱ ቀጥሎ የክሪስቲን ለስላሳ ዘፈን ይመጣና ሁለት የተለያየ ባንድ የምትሰሙ ይመስላችኋል። ለሙሉ አልበም ጊዜ ከሌላችሁ ኦቨር ኤንድ ኦቨርን፣ ስቶርምስን፣ ቢዩቲፉል ቻይልድን፣ ዋክ ኤ ቲን ላይንን ብቻ ስሙና ወስኑ። ብራውን አይስ ላይ ደሞ ፒተር ግሪን ስሙ ሳይጠቀስ ጊታር ተጫውቷል፣ ከለቀቀ ከስንት አመት በኋላ፣ ይሄን ሳውቅ ዘፈኑን የምሰማበት ጆሮ ራሱ ተቀየረ።

ታስክን በሲዲ የምትገዙ በጣም ተጠንቀቁ። የመጀመሪያዎቹ ሲዲዎች ላይ 20ውን ዘፈን አንድ ዲስክ ውስጥ ለማስገባት ሲሉ ሳራን አሳጥረውታል፣ ሙሉው ከ6 ደቂቃ በላይ ነው፣ የተቆረጠው 4 ደቂቃ ከምናምን። ከ2004 ወዲህ የወጡት ላይ ሙሉው ተመልሷል። ዩዝድ ሲዲ ካገኛችሁ ደቂቃው ተፅፎ ከሆነ እዩት፣ ካልተፃፈ የታተመበትን አመት ጠይቁ። ሸክላው ላይ ይሄ ችግር የለም።

ታንጎ ኢን ዘ ናይት ለ80ዎቹ ድምፅ አፍቃሪዎች ነው፣ ወጣ በ1987። ሊትል ላይስ፣ ኤቭሪዌር፣ ሰቨን ዎንደርስ፣ ቢግ ለቭ፣ ሂቶቹን ስትቆጥሩ ሩመርስን የሚጠጋ እሱ ብቻ ነው። ሲጀመር የሊንዚ የግል አልበም ነበር፣ ከዛ የባንዱ ሆነ፣ አብዛኛውም የተሰራው እሱ ቤት ነው፣ ሲንተሳይዘርና ኮምፒውተር በደንብ ገብቶበታል። ቢግ ለቭ ላይ የምትሰሙት የሴትና የወንድ ትንፋሽ ሁለቱም የሱ ድምፅ ነው፣ አንዱን በማሽን ለውጦት። ስቲቪ ግን ስቱዲዮ ብዙም ስላልነበረች የሷ ድርሻ ያንሳል፣ የሷ አድናቂ ከሆናችሁ ትንሽ ይከፋችኋል። የክሪስቲን አድናቂ ከሆናችሁ ግን ሳታስቡ ግዙ፣ በ2022 ካረፈች በኋላ ኤቭሪዌርን ስሰማ ይሄን ያህል ንፁህ የፖፕ ዜማ የሚፅፍ ሰው ስንት አለ እላለሁ። ለመኪናም ለሰው ፊት ለመክፈትም ከሶስቱ የሚመቸው ይሄ ነው፣ እንግዳ አያስደነግጥም። አልበሙ እንደወጣ ሊንዚ ቱር አልሄድም ብሎ ባንዱን ለቀቀ፣ በሱ ምትክ ሁለት ጊታሪስት ነው ያስገቡት።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። የ1982ቱ ሚራዥ ጂፕሲና ሆልድ ሚ አሉት፣ አሪፍ ነው ግን ከታስክ በኋላ ወደ ኋላ የመመለስ ስሜት አለው፣ አራተኛ ይሁን። የ1995ቱ ታይም ሲሰራ ስቲቪም ሊንዚም የባንዱ አባል አልነበሩም፣ ለጀማሪ አይሆንም። ብሉዝ የምትወዱ ደሞ የ1969ኙን ዜን ፕሌይ ኦን ያዙ፣ ፒተር ግሪን ምን እንደነበር ይገባችኋል።

ምርጥ ስብስብ ብቻ ይበቃኛል የምትሉ ካላችሁ የ1988ቱ ግሬተስት ሂትስ አንድ ዲስክ ነው፣ የ2018ቱ ባለ 3 ሲዲ ደሞ 50 ዘፈን ይዞ ከብሉዙ ዘመን ይጀምራል፣ ለታሪኩ ሁለተኛው ይሻላል። በስብስብ ፋንታ ግን እኔ የ1997ቱን ዘ ዳንስ እመክራለሁ፣ አምስቱ እንደገና ተገናኝተው ላይቭ የተጫወቱበት ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግስ በመጨረሻ የሚገባውን ቦታ ያገኘው እዛ ነው፣ ቢግ ለቭንም ሊንዚ ያንን ሁሉ ማሽን ትቶ በአንድ ጊታር ብቻ ይጫወተዋል፣ የታስክ ማርሽ ባንድም አለ።

እና ብር ለአንድ ብቻ ካላችሁ ታስክ። አልበም ከዳር እስከዳር የመስማት ልማድ ከሌላችሁ ታንጎ። ላንድስላይድን በየቀኑ የምትሰሙ ከሆነ የ1975ቱ። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ አዲስ ሸክላ ከማዘዛችሁ በፊት ዩዝድ ሱቅ እዩ፣ ያኔ በሚሊዮን ስለተሸጡ ሩመርስም የ1975ቱም በብዛት ይገኛሉ፣ ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ጭረቱን ተመልከቱ። ታስክ ከሆነ ደሞ ሁለቱም ሸክላ ውስጡ መኖሩን እዛው ከፍታችሁ አረጋግጡ።