«ሞላዋን ትንሽ ስናሳጥራት ትለቃለች» የሚላችሁን ሰው አትመኑ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ኩታበር ላላችሁ፣ ፈቃድ ያለው መሳሪያ ለያዛችሁ ወንድሞች ሁሉ። አጎቴ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

አጎቴ በሽጉጥ ጥይት የምትሠራ፣ ዘጠኝ ሚሊ የምትጎርስ፣ ራሷ እያቀባበለች አንድ አንድ የምትተኩስ ረጅም መሳሪያ አለችው። ትነክስ ጀመረች። አንዴ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ መውጫው ላይ ይያዛል፣ አንዴ አዲሱ ጥይት አፍንጫውን ደፍቶ ይቀረቀራል። «እጠግናለሁ» የሚል ሰው ጋ ወሰዳት። ሰውየው ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን መያዣ፣ እንኳ አንስቶ ሳያይ «አብሽር አባባ፣ ሞላዋ ጠንክራባት ነው፤ ትንሽ ስናሳጥራት ትለቃለች» አለው። ብሩን በቅድሚያ ተቀበለ፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

መሳሪያዋ ስትመለስ የሞተር ዘይት ተደፍቶባት ታብለጨልጫለች። ከፍቼ አየኋት። የፋብሪካ ሞላ ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ ተጠፍጥፎ የተዘጋ ነው፤ የእሷ ግን በፒንሳ የተቆረጠ ሹል ጫፍ ነው፣ የሚያልፍበትን ዘንግ ሁሉ ጫጭሮታል። የጥይት መግቢያው አፍ በሞረድ ተፍቋል። ደህናው ካርታ ደግሞ ከንፈሩ፣ ማለትም ጥይቱን የሚይዘው የላይኛው ጠርዝ፣ በተጣመመ አሮጌ ካርታ ተለውጧል። የተቆረጠውን ቁራጭ ስንጠይቅ «ጥያለሁ» አለ።

ይሄ ጥገና ሳይሆን ማበላሸት ነው። ምክንያቱ ይሄው፦ ክላሽ በጋዝ ይሠራል፣ ቦልቱም (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ብረት) ዞሮ ይቆለፋል። በሽጉጥ ጥይት የሚሠሩት ረጃጅሞቹ ግን አብዛኞቹ መቆለፊያ የላቸውም። ጥይቱ ሲፈነዳ የበርሜሉን ኋላ ዘግቶ የሚይዘው የቦልቱ ክብደትና ሞላው ብቻ ነው። ሞላው ሲያጥር ቦልቱ ቶሎና በኃይል ወደኋላ ይሄዳል፣ የኋላውን ብረት ይቀጠቅጣል፤ ሲመለስ ደግሞ አቅም አጥቶ ጥይቱን አጉርሶ በደንብ አይዘጋም። ስለዚህ ንክሻው ይብሳል። ከዚያ የከፋው ቀለሁ ግፊቱ ሳይበርድ ወጥቶ ሊቀደድ መቻሉ ነው፤ ያ ደግሞ ከተኳሹ ፊት አጠገብ ነው።

የሚገባው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ላይ እንደምትነክስ ነው። አዲሱ ጥይት አፍንጫውን ከደፋ ቀድሞ የሚጠረጠረው ካርታው ነው፦ የደከመ የካርታ ሞላ፣ የተጣመመ ከንፈር። ካርታዎቻችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ በአንዱ ብቻ የምትነክስ ከሆነ መሳሪያዋን ማንም አይንካት፣ ካርታውን ቀይሩ። ባዶው ቀለህ ከቀረ ደግሞ ቀለህ ሳቢው ጥርስ፣ የጥይት ማደሪያው ቆሻሻ ወይም የደከመ ጥይት ነው። እንደ ባቲና ከሚሴ ባለ ቆላ አቧራው ከወፍራም ዘይት ጋር ተቦክቶ ጭቃ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ በደንብ ማጽዳትና ስስ ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል። ከመንካታችሁ በፊት ግን ካርታውን አውጡ፣ ከዚያ ክፈቱና ውስጡን በዓይናችሁ እዩ። ካርታው ሳይወጣ ደጋግሞ ማቀባበል ሌላ ጥይት ማጉረስ ነው።

ይሄው ሰው ለአጎቴ «ዘጠኝ ናት» ብሎ ጥይትም ሸጦለታል። ዘጠኝ የሚባል ሁሉ አንድ አይደለም፣ እባካችሁ ይሄን ልብ በሉ። ፓራቤለምና ማካሮቭ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ዘጠኝ ጥይቶች አሉ፦ የፓራቤለም ቀለህ ርዝመቱ 19 ሚሊ ነው፣ የማካሮቭ 18። የማካሮቭ አረር ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ገደማ ሲሆን የፓራቤለም 9.01 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ማካሮቩ ወደ 5 ሚሊ ያጥራል፤ በዓይን ይለያል። አጎቴ የተሸጠለት ድብልቅ ነበር። የማይሆነውን በግድ ማስገባት እጅና ዓይን ያስከፍላል። የተኩሱ ድምፅ ከወትሮው ደከም ካለም ወዲያው አቁሙ፤ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ተከታዩ ጥይት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። ምላጩን ስባችሁ ካልተኮሰች አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ አውጡ።

እኔን በጣም ያበሳጨኝ አጎቴ አቤት ለማለት በእጁ ምንም አለመኖሩ ነው። ሰውየውም የሚተማመነው በዚሁ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል፤ ስለዚህ ፈቃዱን ላሳይ የማይል ሰው ጋ አትሂዱ፣ ጥይትም ከእንዲህ ያለ እጅ አትግዙ። ከመስጠታችሁ በፊት መሳሪያዋን ከፍታችሁ ሞላውንና ካርታውን ፎቶ አንሱ፣ የወጣውን ዕቃ መልስልኝ በሉ። ሞላዋ የተቆረጠባችሁ ካላችሁ ደግሞ ትክክለኛው ሞላ እስኪገባላት አንድም ጥይት እንዳትተኩሱባት፤ ምን እንደሆነ ያልታወቀውን ጥይትም ለወረዳው ፖሊስ አስረክቡ።