በርሰርክ ወይስ ሞንስትረስ? ዳርክ ፋንታሲ ለመግዛት ላሰባችሁ

ዳርክ ፋንታሲ፣ ማለትም ጨለማና አስፈሪ የምናብ ታሪክ የሚወድ ሰው ከየትኛው ግራፊክ ኖቭል (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ልጀምር ብሎ ሲጠይቅ፣ ቶሎ ከሚጠሩለት ስሞች ሁለቱ በርሰርክና ሞንስትረስ ናቸው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ከሁለቱ ትልቁ ሥራ በርሰርክ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን በርሰርክ አንድ መጽሐፍ ብቻ ተገዝቶ የሚፈረድበት ሥራ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እኔም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ በትንሽ መጠን የታተመውን አንደኛ ጥራዝ ብቻ ገዛሁ። ጋትስ የሚባል አንድ ዓይናና አንድ እጁ የተቆረጠ ተዋጊ፣ ሰይፍ ሳይሆን የብረት ጣውላ የሚመስል ነገር ተሸክሞ አጋንንት እየቆራረጠ ይሄዳል። ለምን እንደሚቆጣ አይነገራችሁም። “ደም ብቻ ነው” ብዬ መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት፣ አንድ ዓመት አቧራ ጠጣ። ታሪኩ ወደ ልጅነቱ የሚመለሰው ከሦስተኛው ጥራዝ ጀምሮ ነው። ጓደኛው ግሪፊዝ፣ ካስካ የምትባለው ተዋጊ፣ አብረው የዘመቱት ወታደሮች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቦታ ጋትስና ካስካ ሌሊት ከፍታ ላይ ሆነው ታች ያለውን ሰፈር ያያሉ፣ በየድንኳኑ እሳት ይነዳል። ጋትስ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ትንሽ እሳት አምጥቶ በግሪፊዝ ትልቅ እሳት ላይ እንደጨመረ ይናገራል፣ የእሱ የራሱ እሳት ግን እዚያ እንደሌለ። ከዚህ ገጽ በኋላ የሚመጣው ጭካኔ ሁሉ ሌላ ክብደት ያገኛል፣ ማን ምን እንዳጣ ታውቃላችሁና።

ኬንታሮ ሚዩራ ይህን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) እ.ኤ.አ. በ1989 ጀምሮ በ54 ዓመቱ በ2021 እስካረፈ ድረስ ሠርቶታል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የጋሻውን ጭረት፣ የፈረሱን ጋማ፣ የዝናቡን ክር አንድ በአንድ በጥቁር መስመር አስምሮታል። ከእሱ ሞት በኋላ፣ ሚዩራ ታሪኩን አስቀድሞ ያጫወተው የትምህርት ቤት ጓደኛው ኮውጂ ሞሪ እየተቆጣጠረ፣ ረዳቶቹ ከ2022 ጀምሮ ቀጥለውታል። ገና አላለቀም።

ሞንስትረስ ሌላ ዓለም ነው። ማርጆሪ ሊዩ ትጽፋለች፣ ሳና ታኬዳ ትሥላለች፤ በአሜሪካው አሳታሚ ኢሜጅ ኮሚክስ በኩል የወጣው ከ2015 ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማይካ ሃፍዎልፍ አንገቷ በብረት ታስሮ፣ አንድ እጇ ተቆርጦ፣ ለባርነት ጨረታ ቆማለች። ፊቷን እዩት፤ የምትለምን ሰው ፊት አይደለም። በውስጧ የሚኖር አውሬ አለ፣ ይርበዋል። ሊዩ አያቶቿ ቻይና ውስጥ ካሳለፉት ጦርነት የሰማችው ነገር እዚህ ውስጥ እንደገባ ተናግራለች፣ ያስታውቃልም፦ የሰዎቹ መነኮሳት ጠንቋዮች የሌላውን ዘር አካል ፈጭተው ኃይል ያወጡበታል። ሙሉው በቀለም ነው፣ ወርቅማና ሐምራዊ፣ ልብሱና ሕንፃው ሁሉ በጌጥ የተሞላ። በዚያ ሁሉ መካከል ኪፓ የምትባል ትንሽ የቀበሮ ልጅ ስትፈራ የገዛ ጭራዋን ታቅፋለች። እኔን የያዘችኝ እሷ ናት።

ጉድለቱ፣ ስሙ ይበዛል። ዘሩ፣ ግዛቱ፣ የድሮው ጦርነት፣ ሁሉም በአንዴ ይወርድባችኋል። በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ድመት ፕሮፌሰር ታሪኩን የሚያስተምርበት ገጽ አለ፤ አትዝለሉት፣ ግማሹ መልስ እዚያ ነው። ሊዩ በ2018 የኮሚክስ ትልቅ ሽልማት የሆነውን የአይዝነርን የምርጥ ጸሐፊ ሽልማት ስትወስድ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፣ መጽሐፉም ከ2017 እስከ 2019 ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁጎን፣ የሳይንስ ልቦለድና የፋንታሲ ሽልማቱን፣ ወስዷል።

ወደ ኪስ እንምጣ። የሞንስትረስ አንደኛ ጥራዝ በወረቀት ሽፋን ሲወጣ ዋጋው 9.99 ዶላር ነበር። የበርሰርክ ዴሉክስ፣ ሦስት ጥራዝ በአንድ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን፣ ሲወጣ 49.99 ዶላር ነበር። ዴሉክሱ ሁለት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የምታስመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሥዕሉ ግን በዚያ ስፋት ሲታይ ከትንሹ ጥራዝ ጋር አይወዳደርም። በርሰርክ የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ሃያ ገጽ ካለፋችሁ ትለምዱታላችሁ።

ሁለቱም የልጆች አይደሉም። በርሰርክ ውስጥ አስገድዶ መድፈር አለ፣ ሕፃን ላይ የሚፈጸምም ጭምር፣ በግልጽ የተሣለ። ይህን ማየት የማይችል ሰው አይግዛው፤ ማንም ቢያሞግሰው ይተወው። ሞንስትረስም ጨካኝ ነው፣ ሕፃናት ይሞቱበታል፤ የሚበዛው ግን ከጥቃቱ በኋላ የቀረው ሰው እንዴት እንደሚኖር ነው።

ስለዚህ የአንድ መጽሐፍ ገንዘብ ብቻ ካላችሁ የሞንስትረስን አንደኛ ጥራዝ ያዙ፣ ሁለት ጊዜም አንብቡት። በርሰርክን ከመረጣችሁ ግን አንደኛውንና ሁለተኛውን ዴሉክስ አንድ ላይ እዘዙ፤ አንደኛው የሚያልቀው ዋናው ታሪክ ገና ሲጀምር ነው።