የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተጫዋቾች መመሪያ (የ2024 እትም)፦ የአስማት ሕጎቹ ከወራት ጨዋታ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው አዲሱ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (እያንዳንዱ ሰው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ዳይስ እየጣለ የሚጫወተው የምናብ ጨዋታ) የተጫዋቾች መመሪያ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንጫወት ቆይተናል። 384 ገጽ ያለው ጥራዝ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሞ አልተገነጠለም፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽትም በሻማ ማንበብ ስለሚቻል ከስልክ ይልቅ እሱን መርጠናል። ዋናው ጉዳዬ ግን የአስማተኞች ድግምቶች እርስ በርስ ሲገናኙ መጽሐፉ እንዴት እንደሚዳኛቸው ነው፤ ይህ እትም ከቀደመው የ2014 እትም በእጅጉ የሚሻለውም፣ አንባቢን የሚያደክመውም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁና።

የሁሉም መሠረት የትኩረት ሕግ ነው። ማንኛውም አስማተኛ ውጤታቸው እንዲቀጥል ትኩረት ከሚጠይቁ ድግምቶች በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መያዝ አይችልም፤ ሁለተኛውን ሲጀምር የመጀመሪያው ወዲያው ይቋረጣል። ጉዳት ሲደርስበት ደግሞ ድግምቱ እንዳይበተን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ 10ን ወይም የጉዳቱን ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ መድረስ ይጠበቅበታል። በአንዱ ጨዋታችን ክለሪኳን (በአምላክ ኃይል ድግምት የምትሠራውን ገጸ ባሕርይ) የምትጫወተው ጓደኛችን ብሌስ የተባለውን ድግምት በራሷና በሁለት ባልንጀሮቿ ላይ እንዳደረገች የ26 ነጥብ ጉዳት ደረሰባት፤ ስለዚህ 13 ያስፈልጋት ነበር። ዳይሱ 9 ወጣ፤ ከአካል ጽናቷ የሚገኘው 2 ሲደመርበት 11 ሆነ። ብሌስ ግን ይህን በመሰለ የመቋቋሚያ ውርወራ ሁሉ ላይ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ስለሚጨምር እሱን ጣለች፣ 3 ወጣላት፣ ድምሩ 14 ደረሰ። ድግምቱ ራሱን በራሱ አተረፈ ማለት ነው። ሕጎቹ በዚህ መልኩ ሲደጋገፉ ማየት ከመጽሐፉ ካገኘሁት ደስታ ትልቁ ነው።

ይኸው ሕግ በአዲሱ እትም ጠበቅ ብሏል። ቀድሞ ስፒሪቹዋል ዌፐን (ጠላትን የሚመታ የመንፈስ መሣሪያ የሚፈጥር ድግምት) ትኩረት ስለማይጠይቅ ክለሪኮች ከብሌስ ጋር አጣምረው ይይዙት ነበር፤ አሁን ግን ስለሚጠይቅ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ከእኛ መካከል ይህን ያልወደዱ አሉ። እኔ በበኩሌ ምርጫው ክብደት እንዲኖረው አድርጓል እላለሁ።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን ካውንተርስፔል፣ የሌላውን ድግምት የሚያከሽፈው ድግምት፣ ነው። በ2014ቱ እትም አንድ ዊዛርድ (ድግምትን በጥናት የተማረ አስማተኛ) ፋየርቦል የተባለውን የእሳት ድግምት ሲሠራ ጠላቱ በካውንተርስፔል ሊያከሽፍበት ቢሞክር፣ ዊዛርዱ በሪአክሽኑ (ለሌላው ድርጊት በሚሰጠው ፈጣን ምላሽ) የጠላቱን ካውንተርስፔል መልሶ ማክሸፍ ይችል ነበር። አዲሱ ሕግ ግን አንድ ሰው በአንድ ተራ ውስጥ ድግምት ለመሥራት ከአንድ በላይ ስሎት (ድግምት ሲሠራ የሚወጣ፣ በቁጥር የተወሰነ የአስማት አቅም) ማውጣት አይችልም ስለሚል፣ ፋየርቦሉን በስሎት የሠራው ዊዛርድ በዚያው ተራ ሌላ ስሎት አውጥቶ ራሱን መከላከል አይችልም፤ ሊደርስለት የሚችለው በዚያ ተራ ስሎት ያላወጣ፣ ሪአክሽኑም ያልተነካ የቡድኑ አባል ነው። በዚህ ምክንያት አስማተኞቻችን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ማን ማንን እንደሚጠብቅ መመካከር ጀምረዋል። ካውንተርስፔል ራሱም ተለውጧል፦ ቀድሞ እስከ 3ኛ ደረጃ ያለውን ድግምት ያለ ምንም ውርወራ ያከሽፍ ነበር፤ አሁን ድግምቱን የሚሠራው ሰው በአካል ጽናቱ የመቋቋም ዕድል አለው፣ ቢሸነፍም ድግምቱን ለመሥራት ያዋለው ድርጊት እንጂ ስሎቱ አይባክንበትም። ጽናታቸው ከፍ ያለ ጭራቆችን ማክሸፍ በመክበዱ ቅር የሚሰኙ ተጫዋቾች ይኖራሉ፤ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ ባዶ እጁን ለሚቀረው ግን የተሻለው ይህ ነው።

ሁለት ክላስ (እንደ ክለሪክና ዊዛርድ ያለ የገጸ ባሕርይ ሙያ) የሚያጣምር ሰው የስሎቶችን ሠንጠረዥ በጥንቃቄ ያንብብ፤ የገጸ ባሕርይ ደረጃና የድግምት ወይም የስሎት ደረጃ የተለያዩ ናቸው። የ3ኛ ደረጃ ክለሪክና የ3ኛ ደረጃ ዊዛርድ የሆነ ገጸ ባሕርይ የ6ኛ ደረጃ አስማተኛን ስሎቶች ያገኛል፤ የ3ኛ ደረጃ ስሎቶችም ይኖሩታል ማለት ነው። ድግምት የሚያዘጋጀው ግን በእያንዳንዱ ክላስ ለየብቻ ስለሆነ ከ2ኛ ደረጃ አያልፍም። ትልቁ ስሎት የሚጠቅመው ትንሹን ድግምት ለማጎልበት ነው፤ ለምሳሌ ኪዩር ዋውንድስ የተባለው የፈውስ ድግምት በ3ኛ ደረጃ ስሎት ሲሠራ ስድስት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ይጣልለታል። የዋርሎክ (ኃይሉን በውል የሚያገኝ አስማተኛ) ስሎቶች በዚህ ስሌት አይገቡም፤ ከአጭር እረፍት በኋላም ይመለሳሉ።

ቅሬታዬ አቀማመጡ ላይ ነው። የክላስ ማጣመር ሕግ በምዕራፍ 2፣ የስሎት ገደቡ በምዕራፍ 7፣ የትኩረት ሕግ ደግሞ መጨረሻ ባለው የቃላት መፍቻ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ቦታ መግለጥ ያስፈልጋል። በእነዚህ ገጾች መካከል ወረቀት ሰክተን ነው የምንጫወተው።

መጽሐፉን ለማስመጣት ለሚቸገር ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ የተለቀቀው ኤስአርዲ 5.2 (የጨዋታው መሠረታዊ ሕጎች ሰነድ) እዚህ የጠቀስኳቸውን ሕጎች ይዟል። በእሱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ ንዑስ ክላስ ብቻ ነው ያለው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን አራት አራት አሉ።