ያገለገለ የአደን ጠመንጃ ስንት ያወጣል? ዊንቸስተር 70 እና ሬሚንግተን 700

ቨርጂኒያ የሚኖር ጓደኛዬ አጋዘን ማደን ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን የሁለት ጠመንጃ ፎቶ ላከልኝ። አንዱ በ1952 የተሠራ ዊንቸስተር ሞዴል 70፣ ሌላው በ1970ዎቹ የተሠራ ሬሚንግተን 700 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። የሁለቱም ጥይት .30-06 ነው። የተጠራባቸው ዋጋም እኩል፣ 900 ዶላር። "የቱን ልውሰድ?" አለኝ።

ዊንቸስተሩን የሚያስወድደው ከ1964 በፊት መሠራቱ ነው። ሞዴል 70 ገበያ የወጣው በ1936 ነው። በ1964 ኩባንያው ወጪ ልቀንስ ብሎ ቦልቱን፣ ማለትም ጥይት የሚያጎርሰውንና ቀለሁን የሚያወጣውን ተንሸራታች ብረት፣ ለወጠው፤ ቀለሁን ጨብጦ የሚያወጣው ትልቁ ጥፍር ቀረ። አያቶቻችን ቤልጅግ የሚሉትን ማውዘር ያየ ሰው ያንን ጥፍር ያውቀዋል። አዳኞቹ ለውጡን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። መለያ ቁጥሩ ከ700,000 በታች ከሆነ የድሮው ነው።

ሬሚንግተን 700 በ1962 የወጣ፣ በየቦታው የሞላ ጠመንጃ ነው። አነጣጥሮ በመምታት አይታማም፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። ግን የሞላ ዕቃ መቼም አይወደድም። ጥይት ማጉረሻው ከሥር የሚከፈተው ቢዲኤል (BDL) የሚባለው ዓይነት ከማይከፈተው ኤዲኤል (ADL) በዋጋ ይበልጣል። የድሮው ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል ተብሎ ፍርድ ቤት ያደረሰ ክስ ስላለበት፣ ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልተቀየረ የመቀየሪያው ሂሳብ ከዋጋው ይነሳ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጓደኛዬን ፎቶውን አጉላው አልኩት። የዊንቸስተሩ ሰደፍ ጫፍ ላይ መኖር የነበረበት የብረት ሳህን የለም፤ እንጨቱ ተቆርጦ ቀይ ጎማ ተለጥፎበታል። በግራ ጎኑ ደግሞ ፋብሪካ ያልበሳቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ አንዱ የድሮ ባለቤት የማነጣጠሪያ መነጽር ያሰረባቸው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ አጋዘን ይጥላል፣ ሰብሳቢ ግን አይገዛውም። ብረቱ በኋላ ተወልውሎ እንደገና እንዲጠቁር ከተደረገም ያው ነው፤ በርሜሉ ላይ የተቀረጹት ፊደላት ጠርዛቸው ከደበዘዘ ተሞርዷል ማለት ነው። ሬሚንግተን ላይ ይህ ሁሉ ያን ያህል አያጎድልም። እሱን የሚገዛው ሊተኩስበት ነው፤ የበርሜሉ ውስጥ ከዝገት ንጹህ ከሆነ፣ አፈሙዙም ካልተመታ ይበቃዋል።

መነጽሩስ? ሻጭ ሁሌ የገዛበትን ይደምራል። እናንተ ግማሹንም አትደምሩ።

ዋጋ ስታጣሩ ኢንተርኔት ላይ የተጠራውን ሳይሆን ተሽጦ ያለቀበትን እዩ። 900 ብሎ መጥራት ማንም ይችላል። በእኔ ግምት ሬሚንግተኑ 900 አያወጣም፣ ዊንቸስተሩም ጎማና ቀዳዳው ባይኖሩ ኖሮ ያወጣ ነበር።

ጓደኛዬ ዊንቸስተሩን በ750 ወሰደው። ሻጩ ሌላ ግዛት ስለሚኖር ጠመንጃው ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል መጣ፣ የነጋዴው ክፍያ ለብቻው። እኔ እንደሆንኩ ቀዳዳዎቹን እያሳየሁ ሌላ ሃምሳ ዶላር አስቀንስ ነበር።