ስምንት ወር ከፒኤስ ቱ ጋር፦ የድሮ ጌም እውነት ይበልጣል?

ፒኤስ ቱ ስሊሟን፣ ቀጭኗን የድሮ ፕሌይስቴሽን 2 ማለቴ ነው፣ የገዛኋት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፣ አሁን ግንቦት ገባ፣ ስምንት ወር ሞላት ማለት ነው። ቤት ፒኤስ ፎር አለኝ፣ ይሠራል፣ ምንም አልሆነም፣ ግን ከሥራ ገብቼ ከፍቼው ይሄን ልጫወት ያንን ልጫወት እያልኩ ስዞር አንድም ጨዋታ ሳልጀምር የምዘጋበት ቀን በዛብኝ። እና ልጅ ሆነን ጌም ቤት በር ላይ ሳንቲማችንን ጨብጠን ተራ ስንጠብቅ የነበረው ደስታ ጌሙ ውስጥ ነበር ወይስ ልጅነታችን ውስጥ የሚለው ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ሰው ሁሉ የድሮ ጌም ይሻላል ይላል፣ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ያየሁት ግን የለም። በቃ ገዝቼ ልየው አልኩ።

የገዛሁት መርካቶ ነው፣ ያገለገለ። ዋጋው እንደ ማሽኑ ሁኔታና እንደ ሻጩ ስለሚለያይ ቁጥር አልጽፍም። ሻጩ ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ አዲስ ነው ብሎኝ ነበር፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲዲው ይዞራል ይዞራል ከዛ ያ ዲስኩን አላነብም የሚለው ቀይ ስክሪን ይመጣል፣ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሠፈር ያለ ጎበዝ ልጅ ጋ ወስጄ ሌንስ አስቀየርኩ፣ ከዛ ወዲህ አላስቸገረችኝም። የምትገዙ ሰዎች አምስት ደቂቃ አይታችሁ አትውጡ፣ ግማሽ ሰዓት አጫውቱት፣ ደሞ ሁለት ዓይነት ዲስክ ሞክሩ፣ የፒኤስ ቱ ጌም አንዳንዱ በዲቪዲ ነው አንዳንዱ ደሞ ታችዋ ሰማያዊ በሆነች ሲዲ ነው፣ የደከመ ሌንስ አንዱን እያነበበ ሌላውን እምቢ ሊል ይችላል። ከፍላሽ አጫውታለሁ የምትሉም አላችሁ፣ ይሠራል፣ ግን የማሽኑ ዩኤስቢ የድሮው 1.1 ስለሆነ ቪዲዮ ያለበት ቦታ ላይ ይንቀረፈፋል።

ጨዋታህን ሴቭ የምታደርግበት ሜሞሪ ካርድ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ወደ ጌሙ እንግባ። ኦሪጅናሉ 8 ሜጋባይት ነው፣ እኔ ግን 64 የሚል ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አገኘሁና ብዙ ይይዛል ብዬ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። አንድ ወር ሙሉ የተጫወትኩት ማስተር ሊግ፣ የኳስ ጌሙ ውስጥ ክለብ ይዘህ የምታሳድግበት፣ ካስቶሎንና ሚናንዳን የሚባሉ የፈጠራ ተጫዋቾች ይዤ ከታች የጀመርኩት፣ አንድ ማታ ሴቭ እያደረገ መብራት ሄደና በነጋታው ስከፍተው ካርዱ ባዶ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ አንድ ሳምንት ማሽኗን አልነካኋትም። አሁን ሁለት ኦሪጅናል 8 ሜጋ አለኝ፣ አንዱ ላይ ሴቭ አደርግና ወደ ሌላው ኮፒ አደርጋለሁ። በዚህ ጉዳይ አዲሱ ይበልጣል፣ ራሱ ሴቭ ያደርግልሃል፣ አታስብም።

ብዙ ሰዓቴን የበላው ፔስ 6 የሚባለው የኳስ ጌም ነው፣ በፈረንጆች 2006 የወጣው። ከማብራት እስከ ኪክኦፍ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ አፕዴት የለ፣ ሎግኢን የለ፣ ኢንተርኔት የለ። ያኔ የተሸጠልህ ዲስክ ያለቀለት ጌም ነው፣ ጉድለቱም ጥሩነቱም እዛው ላይ ነው፣ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም። አዲሱን የኳስ ጌም ለመጫወት ግን ቅዳሜ ጠዋት ከፍቼ ብዙ ጊጋ አፕዴት ጠይቆኝ ጨዋታው የጀመረው ማታ ነው፣ በኛ ሰፈር ኔትወርክ ማለቴ ነው፣ እስከዛ ደሞ ጓደኛዬ ሄዷል።

ኳሱስ? ኳሱ ዛሬም ይጣፍጣል። ብራዚላዊውን አድሪያኖን ይዘህ ከሳጥን ውጪ የመምቻዋን ቁልፍ፣ ስኩዌር፣ ስትጫን የሚሰማህ ነገር እስካሁን አለ፣ የምቱ ኃይል 99 ነበር እኮ። የአርሴናሉን አንሪ ይዘህ በግራ መስመር የመሮጫዋን ቁልፍ፣ አር ዋን፣ ጨብጠህ ስትሮጥ ተከላካዩ ከኋላ ቀርቶ ታየዋለህ። ተጫዋቾቹ እንደ አሁኑ ፊታቸው አይመስልም፣ ደጋፊው እንደ ካርቶን የተለጠፈ ነው፣ ግን ኳሷ የራሷ ክብደት አላት፣ ካልተጠነቀቅክ ከእግርህ ትወጣለች፣ ስታገባ ያገባኸው አንተ ነህ።

የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፣ የአርሴናል ደጋፊ፣ ኳስ ጌም የሚያውቀው በስልክና በፒኤስ ፎር ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ እኛ ቤት መጣና ስክሪኑን ትንሽ አየት አድርጎ፣ "አጎቴ፣ ሳካ የት አለ?" አለኝ። ሳካ የለም፣ ይሄ ሲወጣ ሳካ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፣ አንሪ አለ አልኩት። አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ በስማቸው አሉ፣ ቼልሲ ግን ለንደን ኤፍሲ ነው የሚለው፣ ሊቨርፑል ደሞ መርሲሳይድ ሬድ፣ ጌሙን የሠሩት የክለቦቹን ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበራቸው። ልጁ ይሄ ምንድነው እያለ ጀመረ፣ ሦስት ለዜሮ አሸነፍኩት፣ ጆይስቲኩን ያስቀምጣል ብዬ ስጠብቅ "እንደገና" አለ። በስልኩ ሲሸነፍ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ዝም ብሎ ይወጣና ሌላ ይከፍታል፣ ያሸነፈውን ሰው አያውቀውም፣ አያየውም። እዚህ ግን ያሸነፈው ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሏል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። የጆይስቲኩ ገመድ ሶፋው ጋ ስለማይደርስ ምንጣፍ አንጥፈን ወለል ላይ ተቀመጥን፣ ሁለት ጆይስቲክ ለአምስት ሰው፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ልክ እንደ ጌም ቤት፣ ክፍያው ብቻ የለም። ከሁሉም ትንሹ ልጅ ሁለት ዙር ተሸንፎ ተነስቶ ሦስተኛው ላይ 89ኛው ደቂቃ ላይ በግንባር አገባና አራቱም ልጆች አንድ ላይ ጮሁ፣ እናቴ ከጓዳ "ምን ሆናችሁ!" ብላ ሮጣ ወጣች። እኔ በዛች ሰዓት ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። ልጆቹ እኮ ትዝታ የላቸውም፣ ፒኤስ ቱ ገበያ ላይ የዋለው በ2000 ነው፣ መሠራት ያቆመው በ2013 መጀመሪያ ነው፣ አንዳቸውም አልተወለዱም ነበር። የተደሰቱት በናፍቆት አይደለም።

ግን ሁሉም የድሮ ጌም እንደዚህ አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው ከብዙ ሰው የምለየው። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን በስንት ጉጉት ከፈትኩት፣ ከተማው፣ ሬዲዮው፣ ብስክሌቱ ደስ ይላል፣ ግን ያቺ ባቡር የምትከተልበት ሚሽን ላይ ስትወድቅ ወደ መጀመሪያው ተመልሰህ እንደገና መንዳት አለብህ፣ አምስቴ ስወድቅ ተውኩት። ልጅ እያለን ጊዜ ነበረን፣ አሁን ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ከባድ ነው። ብቻህን የምትጫወተው፣ ታሪክ ያለው ጌም ከሆነ እኔ አዲሱን እመርጣለሁ፣ ሬድ ዴድ 2 ፒኤስ ፎር ላይ በሁለት ዲስክ ነው የመጣው፣ ያ ሁሉ ቦታ በከንቱ አልባከነም፣ ፈረሱ ሲደክም አብረኸው ትደክማለህ።

የመኪና ውድድር ላይ ግን የድሮው ያሸንፋል። የ2005ቱ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ከወንድምህ ጋር ያወዳድርሃል፣ በዚያው ስም በ2012 የወጣው ግን ሁለተኛ ሰው የሚጫወተው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው። ያን ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ፣ የጠፋው የድሮ ግራፊክስ ወይም የድሮ ሙዚቃ አይደለም፣ አጠገብህ ላለው ሰው የሚሰጠው ቦታ ነው የጠፋው። አዲስ ሆኖ ያንን ቦታ የሚሰጥ ጌም ሲገኝ ደሞ ደስታው እንዳለ አለ፣ ኢት ቴክስ ቱን ከእህቴ ጋር ጨርሰነዋል፣ የ2021 ጌም ነው፣ ያለ ሁለት ሰው አይሄድም፣ ካሉኝ የፒኤስ ቱ ዲስኮች ከግማሹ በላይ አስደስቶናል።

ቲቪው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቀይ ነጭ ቢጫው ገመድ ፍላት ስክሪን ላይ ስትሰኩት ምስሉ ብዥ ይላል፣ ከሱ የባሰው ግን መዘግየቱ ነው፣ ስኩዌር ተጭነህ ምቱ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚወጣው፣ እኔ መጀመሪያ ጆይስቲኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድ ስከፍት በጣም ተሻለ፣ ለምስሉ ደሞ አምስት ጫፍ ያለውን ኮምፖነንት ገመድ ቀየርኩ። ጀርባው ትልቅ የድሮ ቲቪ ያለው ሰው ካለ አይጣለው፣ ለዚች ማሽን ከሱ የሚሻል የለም።

አልሸጣትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ አሁንም ይመጣሉ፣ ስድስት ሆነዋል፣ ተራ መጠበቁ እየረዘመባቸው ስለሆነ ለአራት ሰው የሚሆን መልቲታፕ፣ ብዙ ጆይስቲክ የሚሰካበት፣ እየፈለግኩ ነው፣ የወፍራሙ ፒኤስ ቱ መልቲታፕ ለስሊሟ አይሆንም፣ የራሷ አለ። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ የስሊሙን ያየ ሰው ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።